ለትኩስ ፍሬ ኬክ ምን ይገዛ? የፍሬ፣ የቅቤ፣ የዱቄትና የመጋገሪያ ዕቃ ጥቆማ

በሞቃቱ ወቅት ኮክ፣ ፕሪም፣ እንጆሪና ቼሪ ተከታትለው ሲደርሱ፣ ቀላል ኬክ ለመጋገር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ፍሬ ልግዛ ብሎ ነው። ቅቤ ይሻላል ወይስ ዘይት፣ የትኛው ዱቄት፣ ምን ዓይነት መጋገሪያ ዕቃ የሚሉት ጥያቄዎች ወዲያው ይከተላሉ። እነዚህን ሁሉ በየተራ እየሞከርኩ ካነጻጸርኩ በኋላ የተረዳሁት፣ መልሳቸው በሙሉ ፍሬው በያዘው ውሃ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ከእንጆሪ ክብደት 91 በመቶ ያህሉ፣ ከኮክ 89 በመቶ ያህሉ፣ ከፕሪም 87 በመቶ ያህሉ፣ ከቼሪ ደግሞ 82 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ፍሬው ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ ይህ ውሃ ይለቀቅና ወይ በእንፋሎት ይወጣል፣ ወይ በሊጡ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚህ በታች የምጠቁመው ሁሉ ውሃው ወደየት እንዲሄድ እንደምንፈልግ አስቦ የተመረጠ ነው።

ንጽጽሩ በአንድ መለኪያ እንዲሆን ሁልጊዜ የምጠቀመው መጠን 125 ግራም ለጋ የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 150 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ ቁንጥር ጨው ነው። ቅቤውና ስኳሩ ነጣ እስኪሉ ይመታሉ፣ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ከዚያ ዱቄቱ ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር ተነፍቶ ይጨመርና ልክ እንደተዋሃደ መማሰሉ ይቆማል። ሊጡ 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ ዕቃ ውስጥ ይገለበጥና 350 ግራም ያህል ፍሬ ከላዩ ይደረደርበታል፤ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይጋገራል።

ከፍሬዎቹ ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫዬ ፕሪም ነው፤ ለጀማሪም ልምድ ላለውም ሰው ያለ ጥርጥር የምጠቁመው እርሱን ነው። ልጣጩ ጠንካራ በመሆኑ ጭማቂውን ይዞ ይቆያል፣ ኮምጣጣነቱም የሊጡን ጣፋጭነት ያመጣጥነዋል። ፕሪሙን ለሁለት ከፍሎ ዘሩን ማውጣትና የተቆረጠው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መደርደር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ያን ጊዜ ልጣጩ እንደ ትንሽ ጽዋ ሆኖ ከሥር ጭማቂውን ይሸከማል። ከተጋገረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በኦቨኑ መስታወት ቢመለከቱ፣ ዘሩ የነበረበት ጎድጓዳ ቦታ ቀይ ጭማቂ ሞልቶት ሲፍለቀለቅ፣ ቀስ በቀስም እየወፈረ ወደ ማርማላታ ሲቀየር ይታያል። ፊቱ ወደ ታች ቢደፋ ኖሮ ይኸው ጭማቂ በቀጥታ ወደ ሊጡ ይወርድ ነበር። የሚገዛው ፕሪም በጣት ሲጫኑት ጥቂት የሚለሰልስ እንጂ የሚሰረጉድ መሆን የለበትም፤ እጅግ የበሰለው ለመብላት ያስደስታል፣ ለኬክ ግን ውሃው ይበዛል።

ኮክ ሁለተኛው ምርጫዬ ነው፤ በጣዕሙ ከፕሪም የሚያንስ ሆኖ ሳይሆን ሲገዙት ማታለል ስለሚችል ነው። ብዙ ሰው ቀይ የሆነውን ጉንጩን አይቶ ይመርጣል፤ ቅላቱ ግን የዝርያውና የፀሐይ ብርሃን ያገኘበት መጠን ምልክት እንጂ የመብሰል ምልክት አይደለም። መታየት ያለበት ከቀዩ በስተጀርባ ያለው መደብ ነው፤ መደቡ አረንጓዴነቱን ለቆ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ክሬም ቀለም ከዞረ ፍሬው በወቅቱ ተለቅሟል ማለት ነው፣ አገዳው የነበረበት ቦታ ሲሸተትም ጠረኑ ይናገራል። ኮክ፣ ፕሪምና አፕሪኮት ከተለቀሙ በኋላም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ጠጠር ያለ ኮክ ከገዙ በወረቀት ከረጢት ውስጥ በቤት ሙቀት ለሁለትና ለሦስት ቀን ማቆየት በቂ ነው። ሳይበስል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ግን ያበላሸዋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ብዙ ቀን የቆየ ኮክ ሥጋው ደረቅና ዱቄት ዱቄት የሚል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላም አይመለስም። በዚህ ምክንያት በቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ከሚሸጠው ይልቅ ደጅ በጥላ ሥር ተዘርግቶ የሚሸጠውን እመርጣለሁ። ዘሩ ከሥጋው በቀላሉ የሚላቀቀውን ዓይነት ጠይቆ መግዛትም ብዙ ድካም ይቀንሳል። ልጣጩን ለማንሳት ፍሬውን ለአንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ይበቃል።

ቼሪ ከሊጥ ጋር የሚስማማ ፍሬ ነው፤ ውሃው ከሌሎቹ ያነሰ፣ ሥጋውም የጠበቀ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ቢቀላቀል እንኳ አያረጥብም። ከተለቀመ በኋላ ስለማይበስል ግን ሲገዛ የደረሰ መሆን አለበት፤ አገዳው አረንጓዴ ሆኖ የለመለመው ትኩስ ነው፣ አገዳው ቡናማ ሆኖ የደረቀው ብዙ ቀን ቆይቷል። ዘር ማውጫ መሣሪያ መግዛት ቼሪን ደጋግሞ ለሚጋግር ሰው ብቻ የሚመከር ሲሆን፣ ለአንድ ኬክ ግን ጠንካራ የመጠጫ ቀሰም ከአገዳው በኩል አስገብቶ ዘሩን ገፍቶ ማውጣት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስለ እንጆሪ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ፤ ሊጡ ውስጥ እንዲቀላቀል አልመክርም። አንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ የሚሆን እንጆሪ ቆራርጬ ከሊጡ ጋር አዋህጄ ጋግሬ ነበር፤ ከላይ ወርቃማና የሚያምር ሆኖ ወጣ፣ ስቆርጠው ግን ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ያልበሰለ የሚመስል ግራጫማ ሮዝ ንጣፍ ነበረው። ጥፋቱ የኦቨኑ አልነበረም፣ ሊጡ የማይችለውን ውሃ ነበር የሰጠሁት። እንጆሪ የግድ መጋገር ካለበት ለሁለት ተከፍሎ ከላይ ብቻ ይደርደርና ሙቀቱ ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጋገር፤ ረጅሙ ጊዜ ውሃውን አትንኖ ጣዕሙን ያጠራቅመዋል። ከዚህም የሚሻለው ግን ኬኩን ባዶውን ጋግሮ ትኩሱን እንጆሪ በጥቂት ስኳር አሽቶ ከጎኑ ማቅረብ ነው።

ትኩስ ፍሬ በማይገኝበት ጊዜ በበረዶ የተቀመጠው ከታሸገው የቆርቆሮ ፍሬ ይበልጣል። በተለይ ብሉቤሪና ቼሪ በበረዶ ሲቆዩ ብዙ አይጎዱም፤ ሳይቀልጡ በቀጥታ ሊጡ ላይ መደርደርና የመጋገሪያውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ማራዘም ያስፈልጋል። ቀልጦ የገባ ፍሬ ጭማቂው ቀድሞ ስለሚፈስ ሊጡን ያቀልመዋል።

ወደ ቅባቱ ስንመጣ፣ ከላይ ፍሬ ለሚደረደርበት ኬክ ለጋው የገበታ ቅቤ ከዘይት ይሻላል የምለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ከስኳር ጋር ሲመታ አየር ስለሚይዝና ሊጡን ወፍራም ስለሚያደርገው ፍሬው አይሰምጥም። ለዚህም ቅቤው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ በጣት ሲጫኑት ምልክቱ ይቀራል፣ ፊቱ ግን አያብረቀርቅም። የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም። ዘይት ደግሞ የራሱ ቦታ አለው፤ በቅዝቃዜ ስለማይጠጥር ኬኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆይ ከሆነ ለስላሳነቱን ይጠብቃል። ገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ብቻ ቅባት በመሆኑ በ125 ግራም ቅቤ ምትክ 100 ግራም ዘይት ይበቃል፤ ሊጡ ቀጭን ስለሚሆን ግን በላዩ የሚደረደረው በስሱ የተቆረጠ ኮክ ወይም ብሉቤሪ ይሁን እንጂ ግማሽ ፕሪም አይሁን። ማርጋሪን የሚገዛ ሰው መለያ ጽሑፉን ያንብብ፤ ዳቦ ላይ ለመቀባት ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ቅባታቸው ያነሰ ውሃቸው የበዛ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከፍሬው በበቂ ይመጣል።

ፍሬውን በዱቄት ካሹት አይሰምጥም የሚለው ምክር በሰፊው ይነገራል፤ በእኔ ልምድ ዱቄቱ በፍሬው ላይ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል እንጂ ቀጭን ሊጥ ውስጥ እንዳይሰምጥ አያደርግም። የሚይዘው የሊጡ ውፍረት ነው።

በዱቄት ረገድ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለዳቦ ተብሎ የሚሸጠው ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ በላይ ስለሚሆን ኬኩን ያጠነክረዋል፤ ለኬክ ብቻ የሚዘጋጀው ደግሞ ከ7 እስከ 9 በመቶ ፕሮቲን ያለው በመሆኑ ለስላሳ ቢሆንም ከባድ ፍሬ ለመሸከም ይደክማል። መካከለኛው፣ ለሁሉም ሥራ የሚውለው ዱቄት እዚህ ላይ ያሸንፋል። በስኒ ከመስፈር ይልቅ በሚዛን መመዘን ግን አጥብቄ የምመክረው ነው፤ አንድ ስኒ ዱቄት ቀለል ተደርጎ ሲሞላና ተጠቅጥቆ ሲሞላ የክብደቱ ልዩነት ከ30 ግራም ሊበልጥ ይችላል።

ቤኪንግ ፓውደር ሲገዛ ትንሹ ማሸጊያ ይመረጥ፤ ከተከፈተ በኋላ እርጥበት ያደክመዋልና። ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ሙቅ ውሃ ላይ ሲበትኑት ወዲያው በኃይል ካልፈላ ጊዜው አልፎበታል። በእርሱ ፋንታ ቤኪንግ ሶዳ የሚጠቀሙ ሰዎች ብሉቤሪ ወይም ቼሪ ሲኖር ይጠንቀቁ፤ እነዚህን ፍሬዎች ሐምራዊና ቀይ የሚያደርጋቸው ቀለም አሲድ ሲጎድልና ሶዳ ሲበዛበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይቀየራል፣ በፍሬው ዙሪያ ያለው ሊጥም አረንጓዴ ቀለበት ያበጃል። ጉዳት የለውም፤ ለእንግዳ ለማቅረብ ግን አያስደስትም።

ከመጋገሪያ ዕቃዎች መካከል የምጠቁመው ነጣ ያለ አሉሚኒየም፣ ጎኑ በማያያዣ የሚከፈተውን ዓይነት ነው። ፍሬ ከላዩ ያለበት ኬክ ተገልብጦ መውጣት ስለማይችል ጎኑ መከፈቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሉሚኒየሙም ሙቀቱን በፍጥነትና በእኩልነት ያደርሳል። ጥቁሩና የማያጣብቀው ዓይነት ሙቀት ስለሚስብ ዳሩን ቶሎ ያጠቁረዋል፤ ያለው እርሱ ብቻ ከሆነ ሙቀቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ መቀነስ ነው። የመስታወቱ ዕቃ በዝግታ ይሞቃል፣ ከወጣ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በመሆኑም መሐሉ ሳይበስል ዳሩ የሚደርቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ረዥምና ጠባቡን የዳቦ ቅርጽ ለፍሬ ኬክ አልመርጠውም፤ ጥልቅ ስለሆነ እንፋሎቱ የሚወጣበት ሰፊ ፊት የለውም።

መብሰሉን በስንጥር የሚፈትን ሰው በሁለት ፍሬዎች መካከል ይውጋ እንጂ ፍሬው ላይ አይውጋ፤ ከፍሬው የወጣ ስንጥር ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ይህን ያልበሰለ መስሎት ኬኩን ያደረቀ ሰው ብዙ ነው። ከኦቨን ከወጣ በኋላ በዕቃው ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ከዚያ ጎኑ ተከፍቶ ከሥሩ አየር በሚያስገባ ሽቦ ላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ እንፋሎቱ ከሥር ወደ ውሃ ተመልሶ የደከምንበትን ያረጥበዋል። የፕሪሙ ኬክ በዚያው ቀን ከሚበላ ይልቅ በጨርቅ ተሸፍኖ አድሮ በማግስቱ ቢቆረጥ እመርጣለሁ፤ ጭማቂው በዙሪያው ባለው ሊጥ ላይ ቀይ ጠርዝ ሠርቶ ያድራል፣ ከሁሉ የሚጣፍጠውም ያ ጠርዝ ነው።