መሬት ሲንቀጠቀጥ ማን የማንን በር ያንኳኳል? ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ እስቲ እንመካከር

የሰሚቷ
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በ2017 ታህሳስ 26 ለሊት የፈንታሌው በመጠን 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲመጣ፣ ከዛ ደግሞ የካቲት 7 ማታ 6.0 የሆነው ሲደገም ብሎኩ በሙሉ ልጁን አቅፎ በደረጃ ግልብጥ ብሎ ወረደ። ታች ከተሰበሰብን በኋላ ነው ከኛ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ እማማ እንዳልወረዱ ያወቅነው። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆኑም፣ ግን ማን ማንን እንደሚያይ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ "ከአንድ ሰዓት በኋላ ትልቁ ይመጣል" በሚል ወሬ ተጥለቀለቀ፣ ሰዓቱን ቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ የለም ብንል ማን ይሰማል። አሁን ነገሩ ቀዝቀዝ ሲል ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ። እኔ ግን በየደረጃው ፈቃደኛ የሆኑ ልጆችን ይዤ ቡድን ማቋቋም እፈልጋለሁ፣ የተወሰኑት እሺ ብለውኛል። ከምን እንጀምር? ምን እንግዛ? የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ አካፍሉን።

ኢንጂነር ከጀሞ
እህቴ ተባረኪ። ቡድኑ ከሁሉ በፊት ሰዉን ማስተማር ያለበት እየተናወጠ እንዳይሮጥ ነው። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ነው የሚያልቀው፣ ከ4ኛ ፎቅ ወርደሽ ሳትጨርሺ ያበቃል፣ ደረጃ ላይ መረጋገጡ ግን ሰው ይሰብራል። በ2008 ሀዋሳ ላይ የተከሰተው ትንሽ መንቀጥቀጥ ነበር፣ ሆኖም ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በድንጋጤ ሲጋፉና ሲዘሉ ተጎዱ። ስለዚህ ዝቅ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ ጭንቅላትና አንገት ሸፍኑ፣ የጠረጴዛውን እግር ያዙ፣ ሲቆም ጫማ አድርጋችሁ ውጡ።

ኮንዶሚኒየሞቻችን የኮንክሪት ኮለንና ቢም (ቋሚ ምሰሶና አግድም ተሸካሚ) ናቸው፣ መሀሉ ብሎኬት ነው የተሞላው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀውና የሚረግፈው ብሎኬቱ ነው፣ ከህንጻው ስር ቆሞ ወደ ላይ ማየት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በቀን ብርሀን ብሎኩን ዙሩት። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አለ? 500 ሊትሩ ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው እኮ። የላላ ዲሽ፣ ኮሪደር ላይ የተከመረ እቃ፣ ማታ የሚቆለፈው የብረት በር ቁልፉ ማን ጋ ነው? መሰብሰቢያችሁ ከህንጻው ቁመት በላይ የራቀና የመብራት ሽቦ የማያልፍበት ይሁን። ልስን ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያስጨንቃችሁ፣ ኮለን ወይ ቢም ላይ ካያችሁ ግን ፎቶ አንስታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ከሎስ አንጀለስ
እዚህ ይሄ ነገር ድሮ ነው የተጀመረው። በፈረንጆቹ 1985 ሜክሲኮ ሲቲ ስትመታ ስልጠና የሌላቸው ነዋሪዎች ከ800 በላይ ሰው ከፍርስራሽ አውጥተዋል፣ ግን ከ100 በላይ የሚሆኑት አዳኞቹ ራሳቸው ሞቱ። ያን አይቶ ነው የሎስ አንጀለስ እሳት አደጋ መምሪያ የጎረቤት ለጎረቤት ስልጠና የጀመረው፣ አሁን በመላው አሜሪካ ሰርት በሚባል ስም ይሰጣል፣ ወደ 20 ሰዓት ገደማ ነው። እኔም ወስጄዋለሁ፣ በጣም የጠቀመኝ ምን ማድረግ እንደሌለብኝ ማወቄ ነው። ብቻህን አትገባም፣ ሁሌ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው። በጣም የተጎዳ ህንጻ ውስጥ ውስጡ ሰው ቢጮህም አትገባም፣ ቦታውን መዝግበህ ለባለሙያ ትናገራለህ፣ ይሄ ልብ ይሰብራል ግን የሜክሲኮዎቹ የሞቱት እንደዛ ሲገቡ ነው። ቤት ስትፈትሹ ስትገቡ በሩ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር፣ ስትወጡ ሌላ ጨምራችሁ ኤክስ አድርጉት፣ ሌላ ቡድን ሁለቴ እንዳይለፋ። የጋዝ ሽታ ካለ ክብሪትም የመብራት ማብሪያም አይነካ፣ ሲሊንደሩ ተዘግቶ መስኮት ይከፈት። ሻማ ሳይሆን ባትሪ ተጠቀሙ። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ከመደወል ቴክስት ይሻላል።

የእድር ጸሐፊ
ልጆች፣ አዲስ ቡድን ከማቋቋም በፊት እድራችሁን ተጠቀሙ። ስም ዝርዝር አለን፣ ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት አለን፣ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ የምንቆም ሰዎች በህይወት ላለው አንቆምም? እኔ የሰሜን ሸዋ ሰው ነኝ፣ በ1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርሳት የነበሩ ሰዎች ሲያወሩ ነው ያደግሁት፣ ያኔ የደረሰላቸው ጎረቤት ነው። በወር ስብሰባው ላይ አጀንዳ አስይዙት።

የሰሚቷ
ጋሼ እውነት ነው፣ ድንኳኑን አላሰብኩትም ነበር። ግን የኛ ብሎክ ግማሹ ተከራይ ነው፣ እድር ውስጥ የለም፣ በየጊዜውም ይቀያየራል። በእድር ዝርዝር ብቻ ከሄድን የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

የእድር ጸሐፊ
ልክ ነሽ ልጄ። እንግዲያው ዝርዝሩ በቤት ቁጥር ይሁን፣ አባል ነው አይደለም አይባል። ሰው ሲቀየር በየሶስት ወሩ አድሱት።

ነርሷ ከአዳማ
ዝርዝሩ ላይ ስምና ስልክ ብቻ አትጻፉ። መራመድ የማይችል፣ ነፍሰ ጡር፣ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ያለው፣ ብቻውን የሚውል ህጻን፣ ይሄ ነው ዋናው። ግን የሰው ጤና ስለሆነ ግሩፕ ላይ እንዳይለጠፍ፣ የየደረጃው ተጠሪ በወረቀት ይያዘው፣ ባለቤቱም ፈቅዶ ይሁን። ለእያንዳንዱ አቅም የሌለው ሰው ሁለት ጎረቤት መድቡ፣ አንዱ ስራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ የተፈናቀሉት የደረሰባቸውን አስታውሱ፣ መንቀጥቀጡ በአንድ ቀን አላበቃም፣ ሳምንታት እየተደጋገመ ሰው ቤቱ መግባት ፈርቶ ውጪ አደረ። ስለዚህ ብርድ ልብስ፣ የሚጠጣ ውሃ በሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር፣ የሳምንት መድኃኒት አንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ቀይ መስቀል ይሰጣል፣ በቡድን ሆናችሁ ቅርንጫፉን ጠይቁ። ቡድኑ ውስጥ ቢያንስ ደም ማስቆም የሚችል ሰው በየደረጃው መኖር አለበት፣ ደም የሚፈሰው ሰው አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠብቅም። 939 እሳትና አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በየበሩ ጀርባ ለጥፉት፣ ስልክ ሲዘጋ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር አይጠቅምም።

የሰሚቷ
እግዚአብሔር ይስጥልን ሁላችሁንም። እሁድ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ቤት ለቤት ዝርዝሩን እንጀምራለን፣ ለእማማ ሁለት ልጆች ዛሬውኑ ተገኝተዋል። ኢንጂነር፣ የብረት በሩ ቁልፍ ጥበቃው ጋ ብቻ ነው ያለው፣ በየደረጃው ላለ ተጠሪ ይቀረጽ ወይስ ለሌባ ያጋልጣል?

ኢንጂነር ከጀሞ
ይቀረጽ። ለየተጠሪው በፊርማ ስጡ፣ ኮሚቴው ይመዝግብ። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው፣ ብረታ ብረት ሰሪ ጠይቁ ከባድ ስራ አይደለም። ከዛ ማታ አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ እማማን የሚይዙት ልጆችም አብረው ይለማመዱ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸውም ይኑሩበት።