የድሮው ሲሜ ጠፍቷል፣ ቦታውም ሞልቷል፤ የአባቴን ፎቶና ድምፅ እንዴት ላውጣ?

ማለዳ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጂሜይል አካውንቴን ከከፈትኩ 11 ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ሳምንት ቦታ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣብኝ። ነፃው 15 ጊጋባይት አልቋል። የማያስፈልገኝን ልሰርዝ ብዬ ገባሁ፤ ግን አባቴ ከማረፉ በፊት የላከልኝ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ኮፒ የለኝም። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። አካውንቱ አሁን ክፍት ሆኖ ያለው በዚህ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው። መጠባበቂያ ብዬ ያስመዘገብኩት ቁጥር ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። ስልኩ ቢሰበርብኝስ? ደግሞ እኔ አንድ ነገር ብሆን፣ እናቴ ፎቶዎቹን የምታገኝበት መንገድ ይኖር ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጎህ
እህቴ አይዞሽ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር አደራ እልሻለሁ። ለጊዜው ምንም እንዳትሰርዢ። ከዚያ ስልክ ላይም ሎግ አውት እንዳታደርጊ።

ሰው ሁሉ ከፎቶው ነው የሚጀምረው። አንቺ ከቁጥሩ ጀምሪ። ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ክፈቺ፣ አካውንትሽን ማስተዳደሪያው ጋ ግቢ፣ ከዚያ ሴኪዩሪቲ። የመጠባበቂያ ስልኩን እዚያ ትቀይሪያለሽ። ፓስወርድ ይጠይቅሻል። ከቀየርሽ በኋላም እስከ 7 ቀን ድረስ ማረጋገጫ ኮድ ወደ አሮጌው ቁጥር ልላክ ሊል ስለሚችል፣ ነገ ዛሬ ሳትይ አሁኑኑ አድርጊው። አገልግሎት ያቆመ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ኮድሽ የማታውቂው ሰው እጅ እንዲገባ አትፈልጊም።

ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርድ ሌላ ኮድም የሚጠይቀውን) አብሪና ባክአፕ ኮድ አውጪ። 10 ኮድ ይሰጥሻል፤ እያንዳንዱ 8 አሃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። ስልክ ቢሰበር፣ ሲም ቢጠፋ የሚያስገባሽ እሱ ነው። በወረቀት ጻፊው። ፎቶ አንስተሽ እዚያው አካውንት ውስጥ ካስቀመጥሽው ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ነው።

ማለዳ
ጎህ እግዜር ይስጥልኝ። ፓስወርዱን ሁለት ጊዜ አልቀበልም ሲለኝ ላቤ መጣ። ለካ የመጀመሪያው ፊደል ትልቁ ነበር። ሦስተኛው ላይ ገባልኝ፤ ቁጥሩን ቀይሬያለሁ።

ብራና
ተመስገን! እንግዲህ ወደ ፎቶው። ጉግል ቴክአውት የሚባል አገልግሎት አለ። ከ2011 ጀምሮ አለ፣ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። አካውንትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዚፕ በሚባል የታመቀ ፋይል ጠቅልሎ ያወርድልሻል። ኮፒ ነው የሚያወጣው፤ ከአካውንቱ ምንም አይነካም።

ከኮምፒውተር ግቢ፤ በስልክ ያሰለቻል። ሲከፈት ሁሉም ነገር ተመርጦ ታገኚዋለሽ። ምርጫውን በሙሉ አጥፊና ፎቶስን፣ ጂሜይልን፣ ድራይቭን (የጉግል ፋይል ማስቀመጫውን) ብቻ ምረጪ። ወዴት ይላክ ሲልሽ በኢሜይል የሚመጣ ሊንክ በይ እንጂ ድራይቭ ላይ አስቀምጥልኝ እንዳትይ፤ ድራይቭሽ እኮ ሞልቷል። የፋይሉን መጠን 2 ጊጋባይት አድርጊ። ብዙ ቁራጭ ይሆናል፣ ግን ኢንተርኔት ቢቋረጥብሽ የምትደግሚው አንዱን ብቻ ነው። አዘጋጅቶ ለመጨረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል። ሊንኩ ከመጣ በኋላ ደግሞ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው።

ስትከፍቺው አትደንግጪ። ኢሜይሎቹ በአንድ ትልቅ ኤምቦክስ ፋይል ነው የሚመጡት፤ ተንደርበርድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይከፈታል። ከፎቶዎቹ ጎን ደግሞ ጄሰን የሚባሉ ትንንሽ ፋይሎች ታያለሽ። ቆሻሻ መስለውሽ እንዳትጥያቸው። ፎቶው የተነሳበት ቀንና የጻፍሽበት መግለጫ እነሱ ውስጥ ነው።

ሰርክ
እኔ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አላየሁበትም። ጂሜይል መፈለጊያው ጎን ያለችውን ምልክት ተጫኚ፣ መጠን ከ10 ሜጋባይት በላይ በይው፣ ከባድ ከባዱን ብቻ ያወጣልሻል። እሱን ሰርዢና ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጊ። እዚያ 30 ቀን ስለሚቀመጥ ቦታ መያዙን አያቆምም። በአንድ ሰዓት ትገላገያለሽ።

ብራና
ሰርክ፣ መፈለጊያው ልክ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አባቷ የላኩላት ፎቶ ከባዱ ኢሜይል ውስጥ ቢሆንስ? ኮፒው ወጥቶ፣ ተከፍቶ ታይቶ፣ ከዚያ ነው መሰረዝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባክአፕ የበራለት፣ ማለትም የስልኩ ፎቶ በራሱ ወደ ጉግል የሚገለበጥለት ሰው ጉግል ፎቶስ ላይ ሲሰርዝ ከጉግል ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፣ ከስልኩም ይጠፋል። ብዙ ሰው ቦታ ላስለቅቅ ብሎ በዚህ ተጎድቷል።

ማለዳ፣ ርዕስሽ ላይ ድምፅም ብለሻል። ድምፁ በምንድን ነው የተላከልሽ?

ማለዳ
በቴሌግራም ነው። እሱም አብሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ብራና
አይወጣም! ጉግል የሚያወጣው የራሱን ብቻ ነው። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ጫኚ፣ ከአባትሽ ጋር የነበረሽን ቻት ክፈቺ፣ ላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ቻቱን ወደ ውጭ ማውጫውን ምረጪ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የድምፅ መልእክት እያለ ይዘረዝርልሻል፤ የድምፁ ላይ ምልክት ማድረግ እንዳትረሺ። ካልመረጥሽው ድምፁ አብሮ አይመጣም። አንዳንዴ ለደህንነት ሲባል 24 ሰዓት ጠብቂ ይልሻል፤ ጠብቂው።

ወለላ
የእናትሽን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልመልስ። ወንድሜ ሲያርፍ ፓስወርዱን እናውቀው ነበር። ኮዱ ግን የሚላከው ወደ ስልኩ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ተዘግቷል። የልጆቹ ፎቶ እስከ ዛሬ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ይህችን ነገር ለማገኘው ሰው ሁሉ እነግራለሁ።

ጉግል አካውንትሽ ውስጥ፣ ዳታና ፕራይቬሲ የሚለው ክፍል ታች ላይ፣ ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር የሚባል አለ። ስንት ጊዜ ድምፅሽ ቢጠፋ ነው ሞታለች የምለው ብሎ የጠየቀሽ ያህል ነው፤ 3፣ 6፣ 12 ወይም 18 ወር ትመርጫለሽ። እስከ 10 ሰው ማስመዝገብ ይቻላል። ለእያንዳንዱ የትኛውን እንደምትሰጪ ትወስኛለሽ። ለእናትሽ ፎቶውን ብቻ ሰጥተሽ ኢሜይልሽን መዝጋት ትችያለሽ። አሁን ምንም አይደርሳትም፤ ጊዜው ሲሞላ ነው ኢሜይል የሚላክላት። ስልክ ቁጥሯን በትክክል አስገቢ፤ እሷ መሆኗ የሚረጋገጠው በእሱ ነው። እኔ እናቴን ቁጭ አድርጌ አስረድቻታለሁ፤ ድንገት ቢመጣባት ማጭበርበሪያ መስሏት ትሰርዘው ነበር።

ሌላ ማወቅ ያለብሽ፦ ጉግል 2 ዓመት ሙሉ ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 አስታውቋል። ስለዚህ አንድ ቀን እንመለስበታለን ብሎ መተው አይሆንም። አይፎን ያላችሁም ከአይኦኤስ 15.2 ወዲህ ወራሽ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ፌስቡክም አለው፣ ግን ወራሹ መልእክት ማንበብ አይችልም።

ማለዳ
ሁላችሁንም አምላክ ያክብርልኝ። ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። 8 ዚፕ መጣልኝ። አምስተኛው አልከፈትም ብሎ ደግሜ አወረድኩት። ሁለት ቦታ ላይ ኮፒ አድርጌ፣ አንዱን እናቴ ጋ አስቀመጥኩ። የእናቴንም ቁጥር አስመዝግቤያለሁ፤ 6 ወር አልኩት። እስካሁን ከኢሜይሌ አንድም አልሰረዝኩም፤ ዛሬ ማታ የሰርክን መንገድ እሞክራለሁ።

የቴሌግራሙ 24 ሰዓት አስጠብቆኝ ትናንት ወጣ። የድምፁን ፎልደር ከእናቴ ጋር ከፈትን። የመጀመሪያው 4 ሰከንድ ነው። «ደረስሽ ወይ?» ይላል።

ጎህ
ባክአፕ ኮዱን ጻፍሽው?

ማለዳ
ጽፌዋለሁ፣ በወረቀት።