ክርክር፦ የሕዝብ ሆስፒታሎች ከዕፅዋት ለተሠሩ የቁስል መሸፈኛዎች ቅድሚያ ይስጡ?

መሐንዲሱ

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የቁስል መሸፈኛ፣ ጄል ወይም የደም ማቆሚያ ዱቄት ሲገዛ፣ ለዚያው ሥራ የሚሆን ከዕፅዋት የተሠራ አማራጭ ካለ ቅድሚያው ለእሱ ይሁን። ከእንስሳት የሚወጡት ኮላጅንና ጄላቲን፣ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ፖሊዩረቴን ፎም ከኋላ ይሰለፉ።

ከከብት ወይም ከአሳማ የሚገኝ ነገር የእንስሳት በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ከባድ ቁጥጥር ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት የ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ ከእንስሳት ሕብረ ሕዋስ የተሠራን መሣሪያ፣ ጤነኛ ቆዳን ብቻ ከሚነካው በቀር፣ ከፍተኛው የስጋት ምድብ ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። ዕፅዋት የእብድ ላም በሽታ አያስተላልፉም። ልምዱም አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ሲያጥር ብሪታንያ ስፋግነም የተባለውን ረግረግ ላይ የሚበቅል ለስላሳ ዕፅ አስለቅማ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ከረጢት እየሰፋች ለቁስለኞች ትልክ ነበር። ከክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ አሲድነቱም ባክቴሪያን ያዳክማል። ዛሬ ደግሞ ከባሕር አልጌ የሚወጣው አልጂኔት በብዙ ሆስፒታል አለ። ይህን ያህል ዘመን የተሠራበትን ነገር ወደ ፊት ለማምጣት ምን ያስፈራናል?

ሲስተር (የቁስል ክፍል ነርስ)

ኢንጂነር፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ውሎዬ ቁስል ላይ ስለሆነ ግን በደንቡ አልስማማም።

ጥጥን ስላነሳህ ከሱ ልጀምር። ደረቅ ጎዝ ቁስል ላይ አድሮ ጠዋት ሲነሳ፣ ሌሊቱን የተዘረጋውን ስስ አዲስ ቆዳ ገሽልጦ ነው የሚነሳው። ከሥሩ ቀዩ ሥጋ ነጠብጣብ ደም ያወጣል፣ ታካሚው የአልጋውን ብረት ጨብጦ ጥርሱን ይነክሳል፣ ቁስሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎዙ ንጹሕ ጥጥ ነው፤ ከዕፅ መሠራቱ ያንን ሥቃይ አላስቀረለትም። ጆርጅ ዊንተር የተባለው ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ላይ እንዳሳየው፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ የተሸፈነ ቁስል አየር ላይ ደርቆ ቅርፊት ከያዘው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ይለብሳል። ዛሬ ቁስል እርጥብ ሆኖ ይዳን የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዊንተር ቁስሉን የሸፈነበት ፖሊኢቲሊን፣ ማለትም ፕላስቲክ ነበር።

አልጂኔትን እኔም እወደዋለሁ፣ ቦታው ላይ ከዋለ። ብዙ የሚያዥ ቁስል ውስጥ ሲገባ በቃጫው ያለው ካልሲየም ከቁስሉ ፈሳሽ ሶዲየም ጋር ይለዋወጥና ቃጫው ጄል ይሆናል። ሲነሳ ለስልሶ ይወጣል፤ የቀረውን ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ያጥበዋል። ያንኑ አልጂኔት ደረቅ ቁስል ላይ ያደረገ ሰው ግን የሚገጥመውን አውቃለሁ። ጄል የሚያደርገው ፈሳሽ ስለሌለ ቃጫው ደርቆ ይጣበቃል። ጠርዙን በሳላይን እያራስን፣ እየጠበቅን፣ እንደገና እያራስን በፒንሴት ጥቂት በጥቂት እናነሳዋለን። ለዚያ ቁስል ውሃ የሚሰጠው ሃይድሮጄል ነበር የሚሻለው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁስሉ ምን ያህል ያዣል የሚለውን ነው። ግዥ ክፍል በምንጩ ከመረጠልኝ ለጥያቄዬ መልስ የሚሆነውን ዕቃ መደርደሪያው ላይ ላላገኘው እችላለሁ።

መሐንዲሱ

ሲስተር፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን የነገሩን ስለ አጠቃቀም ነው። ፎምም ያለ ቦታው ከዋለ ይጎዳል። እኔ ያልኩት ለአንድ ሥራ ሁለት እኩል አማራጭ ሲኖር ነው። የደም ማቆሚያን ይመልከቱ። ከተጣራ የዕፅ ስታርች የተሠራው ዱቄት ከሚደማው ቦታ ውሃውን መጥጦ ደም የሚያረጉትን ሴሎችና ፕሮቲኖች ያጠጋጋል፤ ሥራውን ሲጨርስ አሚሌዝ የሚባለው የሰውነታችን ኢንዛይም በጥቂት ቀን ይፈጨዋል። በዚያው ቦታ የሚገባው የጄላቲን ስፖንጅ በብዛት ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ዕፁን ብናስቀድም ማን ይጎዳል?

ደግሞ ኢፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ይዟቸው የተወለዱትን ሕፃናት አስቡ። ቆዳቸው በትንሽ ሰበቃ ይላጣል፤ ልብስ መልበስ እንኳን ያቆስላቸዋል። ለነዚህ ልጆች ቁስል ከበርች ዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ንጥረ ነገር የተሠራ ጄል 223 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ተሞክሯል። ጄሉን ከተቀቡት በ45 ቀን ውስጥ የተመረጠው ቁስላቸው የተዘጋላቸው 41.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ንጥረ ነገሩ የሌለበትን ጄል ከተቀቡት 28.9 በመቶ ነበሩ። አውሮፓ በ2022፣ አሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቅደውታል።

ፋርማሲስቷ

የበርቹን ጄል በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ እኔ የምለውን ያስረዳልኛልና። እንደ ማንኛውም መድኃኒት ከማነጻጸሪያ ጋር ተመዝኖ፣ ቁጥሩ ታይቶ ነው የተፈቀደው። ዛፍ ስለሆነ ማንም ቅድሚያ አልሰጠውም።

ያልተመዘነው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እሬት ያሳየናል። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስላቸው ተከፍቶ ከሥር እየሞላ እንዲድን የተተወላቸው 21 ሴቶች ነበሩ። በመደበኛው እንክብካቤ የቆዩት በአማካይ በ53 ቀን ሲድኑ፣ የእሬት ጄል የተጨመረላቸው 83 ቀን ፈጀባቸው። ትንሽ ጥናት ናት፤ በእሷ ብቻ እሬትን አልኮንንም። ቢሆንም የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በ2012 እ.ኤ.አ. 347 ሰዎች የተካተቱባቸውን 7 ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ ቁስልን ያድናል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። አንዲት እናት ሕመሟ በወር ሊራዘም የሚችልበትን ነገር «ተፈጥሯዊ ነው» ብዬ መስጠት አልችልም።

ስታርቹም ታሪክ አለው። የሐኪም ጓንት እጅ ላይ በቀላሉ እንዲገባ ለብዙ ዘመን የበቆሎ ስታርች ይነሰነስበት ነበር። ዱቄቱ ከጓንቱ እየረገፈ በተከፈተ ሆድና ቁስል ውስጥ ሲቀር ብግነት ያስነሳል፣ የውስጥ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዱቄት ያለበትን ጓንት ያገደው በዚህና በመተንፈሻ አለርጂው ምክንያት ነው። ጓንቱ ራሱ የሚሠራበት ላቴክስም የጎማ ዛፍ ደም ነው፤ ስንት የጤና ባለሙያ በፕሮቲኑ አለርጂ እንደሚሰቃይ ሲስተር ያውቃሉ። የደም ማቆሚያው ዱቄትና የጓንቱ ዱቄት ሁለቱም ስታርች ናቸው። የለያቸው የቅንጣቱ አሠራር፣ የማጣሪያው ጥራትና የሚገባበት መጠን ነው። «ከዕፅዋት» የሚለው መስፈርት ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያሳልፋቸዋል።

አስታማሚው

እናንተ ባለሙያ ናችሁ። እኔ አባቴን ከእግር ቁስሉ ጋር ሳስታምም የቆየሁ ሰው ነኝ።

ቁስሉ ላይ ይለጠፍ የነበረው ሃይድሮኮሎይድ የሚባል መሸፈኛ ጄላቲን እንዳለበት ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሌላ አስታማሚ ሰምቼ ነው። ማሸጊያውን አገላብጬ አየሁት፤ ጄላቲኑ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይልም። አባቴ በእምነቱ አሳማ የሚባል ነገር አያስጠጋም። ብንጠይቀው ምናልባት «ለሕክምና ከሆነ ይሁን» ይል ነበር፤ የሃይማኖት አባቶችም ለሕመምተኛ ሲፈቅዱ ሰምቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ማንም አለመጠየቁ ነው። ሥጋው ላይ ተለጥፎ የሚያድር ነገር ነው፤ ማወቅ ይገባው ነበር። ቅድሚያ ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ከመከራከራችሁ በፊት እያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ከምን እንደተሠራ በግልጽ ይጻፍልን።

ኬሚስቱ

ወንድሜ ያነሳው ሃይድሮኮሎይድ ለኢንጂነሩ ደንብ ጥሩ ፈተና ነው። ብዙዎቹ ጄላቲን፣ ፔክቲንና ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ተቀላቅሎባቸው የተሠሩ ናቸው፤ ጄላቲኑ ከእንስሳ፣ የቀሩት ሁለቱ ከዕፅ። የትኛው ሰልፍ ላይ ነው የሚቆሙት?

አልጂኔትም ለሁላችንም እንደሚመስለን አንድ ነገር አይደለም። ሰንሰለቱ ጉሉሮኒክና ማኑሮኒክ ከሚባሉ ሁለት አሲዶች የተቀጣጠለ ነው። የመጀመሪያው ሲበዛ ጄሉ ይጠነክራል፤ ሁለተኛው ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይፈርሳል። የሁለቱን መጠን የአልጌው ዝርያ፣ የተለቀመበት ወቅት፣ ከቅጠሉ ወይም ከግንዱ መወሰዱ ይለዋውጠዋል። አንድ ጊዜ ሙሉውን የተነሳው መሸፈኛ በሚቀጥለው ግዥ ተቆራርሶ ቁስል ውስጥ ቢቀር አይግረማችሁ። ማምከኑም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጋማ ጨረር የአልጂኔትን ሰንሰለት ይቆራርጣል። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ የሚቀረውን ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ ተራ ማምከኛ አያጠፋውም፤ ገና ከጥሬ ዕቃው መጣራት አለበት። ስፋግነምን በተመለከተ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 15 ግዛቶች 84 ሰዎች ስፖሮትሪኮሲስ በሚባል የቆዳ ፈንገስ ታመዋል። ምንጩ ችግኝ የተጠቀለለበት ስፋግነም ነበር፤ ፈንገሱ በእጃቸው ጭረት ነው የገባው።

ይህን ሁሉ የምለው ዕፅዋትን ጠልቼ አይደለም፤ ሥራዬም ፍቅሬም እነሱ ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዎርስተር ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች የስፒናች ቅጠልን በሳሙና መሰል ፈሳሽ አጥበው የራሱን ሕዋሳት አስወገዱ። የቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ የሴሉሎስ ቅጠል ነው፣ ፈሳሽ ከሚያመላልሱት የቅጠሉ ሥሮች መረብ ጋር። በሥሮቹ ፈሳሽ አሳለፉ፤ የሰው የልብ ሕዋሳት ዘሩበት፤ ሕዋሳቱም ቅጠሉ ላይ ሆነው መቱ። ጥልቅ ቁስል የሚሞተው ደም ስለማይደርሰው ነውና፣ የደም ሥር መንገድ አስቀድሞ የተሠራለት ቁስ ማግኘት ለእኛ ትልቅ ተስፋ ነው። ይሁንና የሰው አካል ሴሉሎስን የሚፈጭ ኢንዛይም የለውም። ከላይ ተለጥፎ ለሚነሳ መሸፈኛ ይህ ችግር አይሆንም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ሥጋ ውስጥ ለሚቀበር ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ባዕድ ነገር ነው። ስታርች ይፈጫል፣ ሴሉሎስ አይፈጭም፤ ሁለቱም ዕፅ ናቸው።

መሐንዲሱ

እሺ፣ ሐሳቤን በጠባቡ ላስቀምጠው። ከላይ ለሚለጠፉት ምርጫው ሲስተር እንዳሉት በቁስሉ ዓይነት ይሁን። ሰውነት ውስጥ ለሚቀሩት የደም ማቆሚያዎች ግን ቅድሚያው ይቆይ፤ እዚያ ከእንስሳ የሚመጣው ስጋትም የሕሊናው ጥያቄም ይበረታል። በማሸጊያው ላይ የምንጩ መጻፍ ደግሞ ለሁሉም ግዴታ ይሁን፣ የእንስሳው ስም ጭምር። በየምርት ዙሩ የኢንዶቶክሲንና የጄል ጥንካሬ ውጤት ያላቀረበ አቅራቢ አይወዳደር።

አስታማሚው

የእንስሳው ስም በታካሚው ቋንቋ ይጻፍ። አባቴ ማንበብ የሚችለው በዚያ ብቻ ነው።

ሲስተር (የቁስል ክፍል ነርስ)

እንዲህ ከሆነ አብሬህ አለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመር። ጨረታው ላይ ለብዙ ለሚያዥ፣ ለደረቅ፣ ለጥልቅና ለሚደማ ቁስል የሚሆን ቢያንስ አንድ አንድ ዓይነት ይጠየቅ፤ ሲነሳ መጣበቅ አለመጣበቁን ነርሶች ሞክረው ይፈርሙበት። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ፋርማሲስቷ

እኔ በደም ማቆሚያዎቹ ላይ ያለውን ቅድሚያ አሁንም አልቀበልም። አልጂኔትን ይህን ያህል ስናወድስ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን ግምገማ በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ ከተራ መሸፈኛ የተሻለ እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ስታርቹና ጄላቲኑም በአንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና፣ በአንድ ዓይነት ታካሚዎች ላይ ጎን ለጎን ይፈተኑ፤ ደሙ በስንት ደቂቃ ቆመ፣ ስንቱ ተመልሶ ደማ፣ ስንቱ አመረቀዘ ይቆጠር። ውጤቱ እኩል ከሆነ ዕፁን አስቀድሙ ብዬ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሆናለሁ።