«ሳንባዋ ተቆጥቷል» ሲባል በማን ላይ ነው?

አበባየሆሽ፦ ሰላም ናችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የሳንባ ምች ጸንቶባት 3 ሳምንት ሆስፒታል ተኛች፤ 9ኙን ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ። በስልክ ያለችው አስተርጓሚ «ሳንባዎ ተቆጥቷል፣ በዕድሜዎ ምክንያት ቶሎ አይበርድም» ስትላት እማዬ ጋቢዋን ሰብስባ «በማን ላይ?» አለች። አሁን የሰጡንን ወረቀት አዲስ አበባ ላሉ አጎቶቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የተያዝኩት እዚህ ጋ ነው፦ «በአረጋውያን ብግነቱ ይቆያል፤ ሜታቦሊዝሙም ቶሎ አይስተካከልም።» ብግነትና መቆጣት አንድ ናቸው? ሜታቦሊዝምንስ ምን ልበለው?

ፊደል ቆጣሪ፦ አንድ ናቸው። «በገነ» ነደደ፣ ተናደደ ነው። «ብግን አልኩ» እንል የለ? ቁስልም «ተቆጣ» ይባላል። ግእዙ «ተቈጥዐ» ነው። ሁለቱም ንዴት ናቸው፣ አለቀ።

የዋሸራው፦ አላለቀም። የተቆጣ ሰው ይጮኻል፣ በር ያንኳኳል፣ ከዚያ ይበርድለታል። የበገነ ግን ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን ይከስላል። ለሴትዮዋ ብግነት ነው ልኩ። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ይህን አይስተውም።

በግ ጠባቂ፦ እኔ ደግሞ ብግነት ከ«በግ» የመጣ መስሎኝ። በግም ዝም ብሎ ነው የሚታረደው።

የዋሸራው፦ አንተ ልጅ ቁራሽ ለምነህ አታውቅም።

ነርስ ነኝ፦ የኔታ ሳያስቡት ሕክምናውን ተናገሩት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው። ጣልያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ነገር ቃል ፈጥረዋል፣ «ኢንፍላሜጂንግ»። ብግነትንና (ኢንፍላሜሽን፣ ሰውነት ጉዳትን ሲዋጋ የሚነሳው እሳት) እርጅናን (ኤጂንግ) አንድ ላይ የሰፉበት ነው። ሰው ሲያረጅ ሳይታመምም ሰውነቱ ውስጥ ትንሽ ፍም አትጠፋም። ሳንባ ሲጎዳ በዚያች ፍም ላይ ይጨመራል። በወጣት ሳንባ ማክሮፋጅ የሚባሉት ሴሎች የሞተውን ጠራርገው ነገሩን ያበርዱታል። ሲያረጁ ጥረጋው ይንቀራፈፋል፣ ብግነቱም ይቆያል። ደግሞ ብዙ አረጋውያን ትኩሳት እንኳ ላያሳዩ ይችላሉ። «ትኩሳት የላትም፣ ደህና ናት» ብለው እቤት ያቆዩ ልጆች አይቻለሁ። ሳንባ ምቹን የነገራቸው ትኩሳት ሳይሆን የእናትየው መዘባረቅ ነበር።

አበባየሆሽ፦ የኔ እናትም እኮ እንደዚያ ነው የጀመራት! የሞተችውን እህቷን ቡና ጠጪ ትላት ነበር። ሜታቦሊዝሙስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ «አረጋዊ» ይጣራ። ከ«ዐረገ» ነው፣ ወደ ላይ ወጣ። ዕድሜ መሰላል ነው። አቡነ አረጋዊም ዘንዶ ይዘው ደብረ ዳሞን የወጡት ለዚህ ነው።

የዋሸራው፦ ኧረ በስመ አብ! ያ የወጣው በዐይኑ ዐ ነው። ያረጀው በአልፋው አ ነው፣ «አረገ»። «አረጀ»ም ከዚያ ነው። የጻድቁ ስም ዘሚካኤል ነበር፤ አረጋዊ የተባሉት ሽማግሌ ለማለት ነው እንጂ ገደል ስለወጡ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ አማርኛ ሁለቱን አ ለይቶ አያነባቸውም።

የዋሸራው፦ አንተ አትለያቸውም በል።

በግ ጠባቂ፦ የኔታ በገኑ ወይስ ተቆጡ?

ወለተ ሰዋስው፦ 😂 «ሊቅ»ንም ጨምሩበት። ከ«ልህቀ» ነው፣ አደገ፣ ሸመገለ። ድሮ ሊቅ ለመባል ማርጀት ግድ ነበር። አሁን ስልክ መያዝ በቂ ነው።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ እኔ ልመልስልሽ። ቃሉን አላውቀውም፣ ነገሩን ግን ልንገርሽ፤ ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ ሥጋ የሚለውጥበት ሥራ ነው። ሰውነት እንዲህ ሲደነግጥ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ስኳር በሽታ የሌለባት ሴት እንኳ ስኳሯ ከፍ ሊል ይችላል። ከዚያ ጡንቻዋን እያፈረሰ ይጠቀምበታል። ወጣት ሲያገግም በልቶ ይመልሰዋል። አረጋዊ ግን ያንኑ እንቁላል በልቶ የሚገነባው ጡንቻ ያነሰ ነው። ስለዚህ እንቁላሉም አይቅር፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጡም አይቅር።

አበባየሆሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሽንት ቤት እስክትደርስ ሁለቴ ግድግዳ ትደገፋለች። ጭኗ የኔን ክንድ አክሏል። ለአጎቶቼ ግን በአንድ ቃል ምን ብዬ ልጻፈው?

ፊደል ቆጣሪ፦ «ልመት»።

ወለተ ሰዋስው፦ ልመት የጨጓራ ነው። «ስርዓተ ልመት» ብለን ተምረን የለ?

በግ ጠባቂ፦ «የጓዳ ሥራ» በይው። ማን ምን እንደበላ አይታወቅም፣ ሁሉም ይደክማል።

የዋሸራው፦ ይህኛው እንኳ ከበጉ ይሻላል።

አበባየሆሽ፦ እባካችሁ ሀሙስ ቀጠሮ አለን፣ ከዚያ በፊት ልላከው።

የዋሸራው፦ «ሐሙስ» በሐመሩ ሐ ይጻፍ።

ፊደል ቆጣሪ፦ በብዙኃኑ ኀ ነው እንጂ! አምስት በምን ይጻፋል?