ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ብዙ ሰው የሚያነሳ ትራንስፖርት፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊ
ወገኖች፣ ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባው ረቂቅ ደርሷል። ባጭሩ፣ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሰዉም በየቀኑ እየጨመረ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ላለው 130 ኪሎ ሜትር ባቡር ይገባናል ይላል። አንብባችሁ ሳትፈሩ ተቹት።

መሐንዲሷ
ሳልፈራ ልናገር። ባቡር የሚለውን አውጡት። ባቡር ዳገት አይወድም፣ እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድ እንኳ ደጋውን ትቶ በቆላው፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ነው ያለፈው።

ቀላል ባቡር ይሁን የምትሉም የአዲስ አበባውን እዩ። በ2008 ዓ.ም መስከረም ላይ ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 41 ባቡር ነበረው። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋና ብዙዎቹ ቆሙ። ሐዲድ አልጎደለም፤ የጎደለው ጥገናና የውጭ ምንዛሪ ነው።

አውቶቡስን አትናቁት። ቦጎታ በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም የጀመረችው የአውቶቡስ መስመር በሰዓት በአንድ አቅጣጫ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያመላልሳል። ዳሬሰላምም በፈረንጆቹ 2016 ጀምራለች። ምስጢሩ አውቶቡሱ አይደለም። የራሱ መንገድ አለው፣ ትኬት ሳይሳፈሩ ይቆረጣል፣ የፌርማታው ወለልም ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው። ደረጃ ላይ የሚጋፋ ሰው የለም።

እስኪ ሒሳቡን ተመልከቱ። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በየደቂቃው ቢወጣ በሰዓት 720 ሰው ነው። 60 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ በየ5 ደቂቃው ቢወጣም ያው 720። 60 መኪና በ12 ተተካ ማለት ነው።

ሾፌሩ
እህቴ፣ ሒሳብሽ ሸጋ ነው። ግን መናኸሪያ ገብተሽ እይ። የእኛ መኪና በሰዓት አይወጣም፣ ሞልቶ ነው የሚወጣው። ወያላው «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፣ ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። እንዳያስታውቅ ጓደኞቹን ተሳፋሪ አስመስሎ ያስቀምጣል። አንቺ ስትገቢ አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «መጣሁ» ብሎ ይወርዳል፤ በዚያው ቀረ። ሰው በዚህ ተማሯል፣ እውነቱን ነው።

ግን እኔም ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ። በሰዓት ውጣ ብትሉኝ የባዶውን ወንበር ማን ይከፍላል?

መሐንዲሷ
ወንድሜ፣ የረቂቁ ዋና ነገር መሆን ያለበት እሱ ነው። ክፍያው በተሳፋሪ ብዛት ሳይሆን በተነዳው ኪሎ ሜትር ይሁን። ትኬቱን አንድ አካል ይሰብስብ፣ ለባለንብረቱ በውሉ መሠረት ይክፈል። ያኔ ሾፌር ሰው አይለቅምም፣ ትርፍ አይጭንም፣ አይሽቀዳደምም። አውቶቡስ ገዝቶ አሠራሩን እንዳለ መተው ግን ግርግሩን ማግዘፍ ነው።

የጫጫ ነዋሪ
እኛስ? ሞልተው የወጡት እያየናቸው ያልፋሉ። የሚቆምልን ካለም ከደብረ ብርሃን እንደተነሳ ሰው ሙሉውን ክፈሉ ይለናል። ታሪፉ በርቀት ይለይ፤ መሀል መንገድ ላለውም የተወሰነ ወንበር ይያዝ። ይሄ ካልገባ ማኅበርተኛ ነኝ ብዬ አልፈርምም።

ጡረተኛው አባት
ልጆቼ፣ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው፣ ይህ ደብዳቤ ለከተማችን ብቻ ከገባ ሸኖ ላይ ይቆማል። ሸኖም፣ ሰንዳፋም፣ ለገጣፎም ኦሮሚያ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ። ሦስት አስተዳደር የሚያቋርጥ መስመር የሦስቱንም ፊርማ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርም ይሂድ።

ሁለተኛው መሬት ነው። አውቶቡሱ ዛሬ ባይመጣም ቦታው ዛሬ ችካል ይተከልበት። ሱቅ ከተሠራ በኋላ ማንሳት ካሳ ነው፣ ክስ ነው፣ እንባ ነው።

ሾፌሩ
ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔም አንድ ልጨምር። እስከ ሰንዳፋ እንነዳዋለን፤ የሚገድለን ከለገጣፎ በኋላ በካራ፣ በኮተቤ አድርገን ላምበረት እስክንደርስ ያለው ነው። ብቻውን የሚሄድበት መንገድ እዚያ ይቅደም። እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ግማሹ አውቶቡስ ወደ አያት ታጥፎ ባቡሩ ጋ ያራግፍ።

መሐንዲሷ
ጎበዝ! ሙሉውን 130 ኪሎ ሜትር ለብቻ ማጠር ብር ማባከን ነው። መጨናነቁ ያለው ሁለቱ ጫፍ ላይ ነው።

ወጣት አባል
ኤሌክትሪክ ይሁን ይባል። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም ተከልክሏል፤ አውቶቡሱም ወደዚያው መሄዱ አይቀርም።

ሾፌሩ
ይሁን፣ ግን ብርዱ ባትሪ ይበላል። በሌላ በኩል መስመሩ ወደፊት ደብረ ሲና ከቀጠለ ከጣርማ በር ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑ እስኪሸት እንረግጣለን። ኤሌክትሪኩ በዚያ ቁልቁለት ባትሪውን ይሞላል ይባላል። እሱስ ደስ ይላል።

ጸሐፊ
እሺ፣ ባቡር ወጥቷል። በሰዓት መውጣትና በኪሎ ሜትር መክፈል አንደኛ ገጽ ላይ ገብቷል፣ የጫጫው ታሪፍም። የመሬቱን አንቀጽ ጋሼ ራስዎ ቢጽፉልን። መሐንዲሳችን ካርታውን እስከ ቅዳሜ አድርሺልን። ጫጫዎች፣ ፌርማታው ከድልድዩ ወዲህ ይሁን ወዲያ?

የጫጫ ነዋሪ
ወዲህ። ወዲያማ በገበያ ቀን መቆሚያም የለው።