ሮግ የሌለው ቡድን ወጥመድና ቁልፍ እንዴት ያልፋል?

ጦሳ_ሥር (ደሴ)
ሰላም ወገን። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) ነው፣ አምስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ። አራት ነን፦ ፋይተር (ተዋጊ)፣ ክለሪክ (ካህን)፣ ዊዛርድ (አስማተኛ)፣ ሬንጀር (የዱር አዳኝ)፤ ሁላችንም ሌቭል 3። ሮግ (ሌባ መሰሉ ክላስ፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ልሁን የሚል ጠፋ። ቀጣዩ ጨዋታ እንደ መቅደላ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ላይ ነው፤ በሮቹ ይጠበቃሉ፣ ውስጡ ደግሞ የተቆለፈ ግምጃ ቤት አለ። ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው) ወጥመድ እንደማይሰስት ከወዲሁ ነግሮናል። አንዱን ሮግ እንዲሆን እንጫነው ወይስ ያለሱ ይሆናል? ሐሳብ ጀባ በሉኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድምዓለም፣ ማንንም አትጫኑ። «ወጥመድ የሮግ ነው» የሚባለው ከሦስተኛው እትም የቀረ ነው፤ እዚያ ዲሲው (በዳይስ ሊደረስበት የሚገባው ቁጥር) ከ20 በላይ የሆነ ወጥመድ ፈልጎ ማግኘት የሚችለው ሮግ ብቻ ነበር። አምስተኛው ላይ ይህ ሕግ የለም። ወጥመድ ማየት ፐርሴፕሽን (ማስተዋል) ነው፣ እሱም በዊዝደም (ጥበብ) ይሄዳል፤ በዚህ ክለሪካችሁና ሬንጀራችሁ ከብዙ ሮግ ይሻላሉ። የታየው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ኢንቨስቲጌሽን (ምርመራ) ነው፣ ለዊዛርዱ ተዉለት።

የሚቀረው መክፈቱ ነው። ቁልፍ የሚከፍተው ክላሱ ሳይሆን የሌባ መሣሪያ ፕሮፊሸንሲ (ሥልጡንነት) ነው። ሬንጀሩ ባክግራውንዱን (የቀድሞ ሕይወቱን) ክሪሚናል (ወንጀለኛ) ወይም አርቺን (የጎዳና ልጅ) ካደረገ ያገኘዋል፤ መሣሪያው 25 ወርቅ ነው። ስሌቱን እዩት፦ ዴክስ (ቅልጥፍና) +3፣ ፕሮፊሸንሲ +2፣ ድምሩ +5። የተለመደው ቁልፍ ዲሲ 15 ስለሆነ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ይህ 55 በመቶ ነው። ክለሪኩ አስቀድሞ ጋይዳንስ (ውጤቱ ላይ ባለ 4 ገጽ ዳይስ የሚጨምር አስማት) ካደረገለት 67.5 በመቶ ይደርሳል። በዚያው ዴክስ ኤክስፐርቲዝ (እጥፍ ፕሮፊሸንሲ) ያለው ሮግ ያለ ጋይዳንስ ሲሞክር 65 ነው። ልዩነቱን ለመሙላት አንድ ካንትሪፕ (ያለ ገደብ የሚደገም ቀላል አስማት) በቂ ነው ማለት ነው።

ዲኤሙ ባክግራውንድ መለወጥ ከከለከለ በዋናው መጽሐፍ ሥልጠና አለ፣ ግን 250 ቀን በቀን 1 ወርቅ ነው። ለዚህ ጨዋታ አይደርስላችሁም።

አዝዋ_ገደል (ደሴ)
ዊዛርዱ ኖክ (ቁልፍ የሚከፍት ስፔል፣ ማለትም አስማት) ይያዝ፤ ሌቭል 3 ላይ የሁለተኛ ደረጃ ስሎት (ስፔል የመጠቀሚያ ዕድል) ሁለት አለው። ችግሩ ድምፁ ነው። ከቁልፉ የሚወጣው ኳኳታ እስከ 300 ጫማ ይሰማል፣ የአምባው ዘብ ሁሉ ይነቃል።

መላው ይኸው። ክለሪኩ ሳይለንስን (ድምፅ የሚያፍን ስፔል) በሪቹዋል (በዝግታ፣ በሥርዓት) በሩ ላይ ያድርግ፤ 10 ደቂቃ ይጨምራል እንጂ ስሎት አይበላም። ከዚያ ዊዛርዱ ከ20 ጫማው ክብ ውጭ ቆሞ ኖክ ይበል። ውጭ መቆሙ ግድ ነው፣ ክቡ ውስጥ ድምፅ ስለሌለ ስፔሉን መጥራት አይችልም። ኖክ 60 ጫማ ይደርሳል። ኳኳታው የሚነሳው ከቁልፉ ነው፤ ቁልፉ ክቡ ውስጥ ስላለ እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

መርዛም መርፌ ያለበት ሣጥንም በኖክ ይሻላል። በመጽሐፉ ናሙና መርፌው ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሲከፈት ይወጣል፣ የሚወጣው ግን 3 ኢንች ብቻ ነው። በመሣሪያ ሞክሮ የሳተ ሰው 2ዲ10 (የሁለት ባለ 10 ገጽ ዳይስ ድምር) መርዝ ይቀምሳል። ከ40 ጫማ የከፈተው ላይ መርፌው አየር ይወጋል።

ለድብቅ አካሄድ ደግሞ ሬንጀሩ ፓስ ዊዝአውት ትሬስ የሚባለውን ስፔል ያድርግ፣ ስቴልዝ (መደበቅ) ላይ +10 ነው።

ሐይቅ_ዳር
የመጨረሻዋ ትታረም። ፓስ ዊዝአውት ትሬስ የሁለተኛ ደረጃ ስፔል ነው፤ ሬንጀር ያንን ስሎት የሚያገኘው ሌቭል 5 ላይ ነው። ክለሪኩ የትሪከሪ ዶሜይን (የተንኮል አማልክት ዘርፍ) ከሆነ ግን አሁኑኑ አለው። ካልሆነ በቡድን ቼክ (በጋራ የዳይስ ሙከራ) ሂዱ፤ ከአራታችሁ ሁለቱ ካለፉ ሁላችሁም አለፋችሁ። ፋይተሩ ቼይን ሜይል (የሰንሰለት ጥሩር) ለብሶ በዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን በመያዝ) ቢወድቅም ሌሎቹ ያወጡታል።

ለቅኝት ዊዛርዱ ጉጉት ፋሚሊያር (በእንስሳ መልክ የምታገለግል መንፈስ) ይጥራ። ወጪው 10 ወርቅ፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ነው። እስከ 100 ጫማ በዓይኗ ያያል፤ በዚያ ሰዓት ግን የራሱ ዓይንና ጆሮ ስለማይሠራ አጠገቡ ሰው ይቁም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጉጉት እየበረረች ስለምታልፍ ሲረገጥ የሚነሳ ወጥመድን አትቀሰቅስም። እሷ በሰላም ስላለፈች መሬቱ ደህና ነው ብላችሁ እንዳትገቡ።

ፋይንድ ትራፕስ የሚባለው ስፔል ላይ ስሎት አታባክኑ፤ ወጥመድ መኖሩን ይናገራል፣ የት እንዳለ አይናገርም።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)
እናመሰግናለን እታለም። ክለሪኩ ሳይለንስ ይዞ ጋይዳንስ መጨመር ይችላል? በሮቹን ትተን በገደሉ ብንወጣስ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አይችልም፣ ሁለቱም ኮንሰንትሬሽን (በአንዴ አንድ ብቻ የሚያዝ ስፔል) ናቸው፤ ጋይዳንስ ባለ ቅጽበት ሳይለንሱ ይጠፋል። ስለዚህ በየበሩ ምረጡ፦ ወይ ሬንጀሩ በጋይዳንስ በመሣሪያ፣ ወይ ዊዛርዱ በሳይለንስ በኖክ። ጊዜ ካላችሁና በሩ ተራ ከሆነ መሣሪያው ይቅደም። ኖክ አርኬን ሎክ (በአስማት የሚቆልፍ ስፔል) ላለበት ይቀመጥ፤ ለ10 ደቂቃ ያግደዋል።

የገደሉ መንገድ ጥሩ ነው፣ አትሌቲክስ ስለሆነ ፋይተሩ ይምራ። 50 ጫማ ገመድ 1 ወርቅ ነው። የመውጫ መሣሪያ ስብስቡን 25 ወርቅ አውጥታችሁ ግዙ፤ ራሱን ያሰረ ሰው ካሰረበት ቦታ ከ25 ጫማ በላይ አይወድቅም፣ ጉዳቱም ከ2ዲ6 አያልፍም። ፋይተሩ ላይ ደርሶ ገመዱን ካሰረ በኋላ ዊዛርዱ በመጨረሻ ይውጣ።