መለያ አባባል ታቅዶ ይጻፋል ወይስ ተመልካች ራሱ ይመርጠዋል?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ጸሐፊ (አራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የወጣቶች የቴአትር ክበብ ውስጥ አጫጭር አስቂኝ ድራማዎችን እጽፋለሁ። አሁን በምናጠናው ድራማ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ የታክሲ ረዳት ነው። የክበቡ አባላት ይህ ሰው በየትዕይንቱ የሚደጋግመው፣ ተመልካችም ከአዳራሽ ሲወጣ በአፉ ይዞት የሚሄድ አንድ አባባል ይኑረው ብለው አጥብቀው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ እንዲለመድ ታስቦ የተጻፈ ቃል ከገጸ ባሕርይው አፍ ሳይሆን ከጸሐፊው እጅ የወጣ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል የሚል ሥጋት አለኝ። ከዓመታት በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰሙ አባባሎች ዛሬም ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ባሉ ሰዎች አፍ ላይ አሉ፤ በቲክቶክ የሚወጡት ግን አንድ ሰሞን አገር ምድሩ ሲላቸው ይከርምና ወዲያው የሚያነሳቸው ይጠፋል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? በሥነ ቃልም ሆነ በመድረክ ሥራ ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የሥነ ቃል መምህር

ጥያቄዎ ከልብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በእኔ እምነት አንድ አባባል የሚኖረው ለሰሚው የሚሆን ቦታ ሲተው ነው። ተስፋዬ ሣህሉን፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸውን ሰው፣ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ጊዜ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ሲያቀርቡ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፤ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ይሉ ነበር። በመጀመሪያ ነገሩ ሰላምታ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የታላቅ ሰው ሰላምታ ሳይመለስ አይቀርም ተብሎ ያደገ ልጅ ቤቱ ተቀምጦም ቢሆን ለስክሪኑ አጸፋውን ይሰጣል። ቀጥሎ «ተረት ተረት» ሲሉ ልጁ «የመሠረት»፣ እንደ ቤተሰቡ ልማድም «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል። ተረቱ የሚጀመረው ልጁ ድርሻውን ከተወጣ በኋላ ነው።

ይህ ሥርዓት ከቴሌቪዥን በፊት በየቤቱ፣ በየምድጃው ዳር የነበረ ነው፤ አባባ ተስፋዬ ያደረጉት ከቤት ወደ ስቱዲዮ ማምጣት ነበር። አገነባቡንም ይመልከቱት፤ «ዛሬ» ለ«ነገ»፣ «አበባ» ለ«ፍሬ» ተመዛዝኖ ስለቆመ ግማሹን የሰማ ሰው ሌላውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሰው የተሰናበታቸው ይህንኑ ሰላምታቸውን መልሶ ለእርሳቸው እየደገመ መሆኑ እስካሁን ሆዴን ያባባዋል። በካዛንቺስ በነበሩት የአዝማሪ ቤቶችም እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመው ነበር። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ለረዳቱ ሙሉ አባባል አይጻፉለት፤ ግማሹን ሌላ ሰው እንዲጨርሰው ይተዉት።

መልስ፦ ከለገሀር

መምህሩ የጻፉትን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ምክንያት የተዘለለ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የሚታየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቤት የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር፤ የእሁዱ የመዝናኛ ፕሮግራም ካለፈ በኋላ ሰኞ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም የሚወራው ያው አንዱ ነገር ነበር። አንድ ሰው አባባሉን ሲጠራ ሌላው ከየት እንደመጣ ማስረዳት ሳያስፈልገው ይስቃል። ዛሬ አንዱ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ወደየቤታችን የገባውን ቃና ላይ በአማርኛ የተቀዳ የውጭ ድራማ ያያል፣ ሌላው ዩቲዩብ ላይ ነው፣ ሦስተኛው በስልኩ ሌላ ሰው ጨርሶ የማያገኘውን ነገር ይመለከታል። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንድምና እህት እንኳ አንድ ዓይነት አባባል የላቸውም።

የቲክቶኩ ነገር ደግሞ ከዚህም ይለያል። እዚያ የአንድ ሰው ድምፅ ተቆርጦ ይወጣና ሌሎች በላዩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደግመው ይሠሩታል፤ ስልኩን የከፈተ ሰው በአንድ ምሽት ያንኑ ቃል ደጋግሞ ስለሚሰማው ሳይናፍቀው ይሰለቸዋል። የሳምንታዊ ፕሮግራም አባባል ግን በሁለት ዝግጅቶች መካከል ሰባት ቀን ያርፋል፤ በእነዚያ ቀናት የሚደግመው ተመልካቹ ራሱ፣ በራሱ ድምፅና በራሱ ጉዳይ ላይ ነው። ቃሉ ወደ ሕዝብ ንግግር የሚገባው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። ስለዚህ በአንድ ድራማ ውስጥም ቢሆን አባባሉን በየገጹ እንዳይበትኑት እለምንዎታለሁ።

መልስ፦ የመድረክ ሠራተኛ

ሁለቱም መልካም ተናግረዋል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በመድረክ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ አሠራሩ ልጨምር። አባባል ክብደት የሚያገኘው ከኋላው ወይም ከፊቱ ካለው ድርጊት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣው ተርሚኔተር በተባለው ፊልም ውስጥ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ለፖሊስ ጣቢያው እንግዳ ተቀባይ የሚናገረው ማንም በየቀኑ የሚለውን «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው። ቃሉን የማይረሳ ያደረገው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመኪና ግድግዳውን ደርምሶ መመለሱ ነው። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ «ይቻላል»ም እንዲሁ ነው፤ በ1988 በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ያገኛቸው ወርቆች ባይኖሩ ኖሮ ከአንድ ምክር አያልፍም ነበር።

ተመልካችም ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም፤ ያርማል፣ ያሳጥራል። ሼርሎክ ሆምስ ለዋትሰን «ነገሩ እኮ ቀላል ነው» እያለ ይናገራል ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚጠቀሰው አባባል፣ ኮናን ዶይል በጻፏቸው 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ሰው በለመደው ሙሉ መልኩ አይገኝም፤ የተስፋፋው በመድረክና በፊልም ነው።

አሁን ወደ ረዳትዎ እንምጣ። አዲስ ቃል አይፍጠሩለት። መልስ የጠየቀውን ተሳፋሪ ረዳት ምን እንደሚለው ሁላችንም እናውቃለን፤ «ሲወርዱ እሰጥዎታለሁ»። ይህንኑ ይስጡት። በመጀመሪያው ትዕይንት ታክሲ ውስጥ ይበለው፤ ማንም አይስቅም፣ መሳቅም የለበትም። በሁለተኛው የቤት ኪራይ የምትጠይቀው አከራይ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠብቀው ያንኑ ይበላት፤ አዳራሹ የሚነቃው እዚህ ላይ ነው። ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት ግማሽ ትንፋሽ ያህል ይቁም፤ ዓይኑን ግን ከአከራይዋ ላይ እንዳያነሳ አደራ። ወደ ተመልካች ዞር ብሎ ፈገግ ካለ ገጸ ባሕርይው እዚያው ይሞታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነው። አባባል ሲሳካ ተዋናዩን ሊውጠው ይችላል። የማውቀው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሰዎች መጥተው ያችን ቃል እንዲላቸው ለምነውታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እነሱ ደግሞ ኮራብን ብለው ሄዱ። በመድረክ ላይም ቢሆን ተመልካች ቃሉን እየጠበቀ ሌላውን ንግግር መስማት ይተዋል፤ ደራሲውም ጭብጨባውን ፈልጎ ታሪኩን ማስኬድ ያቆማል። ስለዚህ አባባሉ በድራማው ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዋጋ ያስከፍለው፤ «ሲወርዱ እሰጥዎታለሁ» በማለቱ ምክንያት የሚያጣው ነገር ይኑር።

መልስ፦ ጀማሪ ጸሐፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለክበቡ አባላት አነበብኩላቸው፤ ክርክራችንም መልክ ያዘ። አባባሉን በሦስት ቦታ ብቻ ለማስገባት ተስማምተናል። የቀረን ጥያቄ የመጨረሻው ትዕይንት ነው፤ ረዳቱ ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ያበደራት እጮኛው መናኸሪያ ድረስ ትሸኘዋለች። ቃሉን እዚህ ላይ እሱ ይበለው ወይስ እንተወው?

መልስ፦ የመድረክ ሠራተኛ

ለእሷ ይስጧት። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል እሱ በመስኮት ገንዘቤስ ብሎ ይጠይቃት፤ እሷም «ሲወርዱ...» ብላ ትጀምርና ትተወው። መምህሩ እንዳሉት ቀሪውን አዳራሹ ይጨርሰዋል፤ ካልጨረሰው ደግሞ የሁለተኛው ትዕይንት አልሠራም ማለት ነውና ወደዚያ ተመልሳችሁ የአከራይዋን ቦታ እንደገና አጥኑት።